ቁልፉ በማን እጅ ነው? የደሴ አሮጌ አዳራሾችና የእድሳታቸው ጉዳይ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ካሉት አሮጌ የሕዝብ አዳራሾች አንዱን ለማየት ከአንድ አረጋዊ ግንበኛ ጋር ሄጄ ነበር። የአዳራሹን ስም የማልጠቅሰው ጉዳዩ የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ዘበኛው ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል እንደሆነ፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ ለሥልጠና ኮምቦልቻ እንደወረዱ ነገረን፤ «አብሽሩ ጋሼ፣ ከሰዓት ይመጣሉ» ብሎም ለግንበኛው ወንበር አወጣላቸው። ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም። ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ዞሩና አንዱ ማዕዘን ላይ ቆመው፣ ተሰብሮ ከተንጠለጠለው አሸንዳ ሥር ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ ገባላቸው። ከዚያ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብለው፣ አሸንዳው ጤነኛ በሆነበት በኩል ያለውን ግድግዳ በዚያው ጣት ሞከሩት፤ ደረቅ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። «ልጄ፣ ይኸን ቤት እርጅና አልያዘውም፤ የሚያየው ሰው ነው ያጣው» አሉኝ።

በሩ በመጨረሻ ሲከፈት ውስጡ መጋዘን ሆኖ ነበር። የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የድንኳን ብረቶች፣ ያለፉ በዓላት መፈክር የተጻፈባቸው ጥቅል ሸራዎችና ክዳኑ የጠፋ የድምፅ መስጫ ሣጥን እስከ መድረኩ ድረስ ተቆልለዋል። የመድረኩ ሳንቃ ግን ከአንድ ጫፍ በቀር ደህና ነው። ወራጆቹም ጥድ ስለሆኑ ምስጥ አልደፈራቸውም። የተጎዳው ያ ውጭ ያየነው አንድ ማዕዘን ብቻ ሲሆን፣ ከላይ እስከ ታች ውሃ የሄደበት መንገድ በግድግዳው ላይ እንደ ካርታ ተስሎ ይታያል። አንድ የተሰበረ አሸንዳ በጊዜው ቢቀየር ኖሮ ዛሬ የማዕዘን ግንብ ማፍረስና መልሶ መገንባት ባላስፈለገ ነበር።

ደሴ እንደ ሌሎች የአገራችን ከተሞች በኮሪደር ልማት መንገዷን በምታሰፋበትና የመንገድ ዳር ገጽታዋን በምትለውጥበት በዚህ ጊዜ፣ የቆዩ ሕንፃዎች ዕጣ ፈንታ በየቡና ቤቱና በየስብሰባው መነሣቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ይፍረስ» እና «ይታደስ» በሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ቆሞ ይቀራል። «ይታደስ» የሚለው ወገን ሲያሸንፍ ደግሞ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ዋናው ጥያቄ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል፣ በሩ በስንት ሰዓት ይከፈታል፣ የሚሰበሰበውስ ኪራይ ወዴት ይገባል? ለእነዚህ መልስ ሳይሰጥ የታደሰ አዳራሽ ጥቂት ክረምቶች ካለፉበት በኋላ ሽማግሌው ጣታቸውን ወደሰደዱበት ግድግዳ መመለሱ አይቀርም።

አይጠየፍ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ቀበሌ

ደሴ ውስጥ አዳራሽ ሲባል ቀድሞ ወደ ልብ የሚመጣው አይጠየፍ ነው። በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ይህ የግብር፣ ማለትም የግብዣ፣ አዳራሽ ስሙ ራሱ የአጠቃቀም ደንብ ነው፤ መጥቶ ለሚገባ ሁሉ፣ ለባለጸጋም ለድሃም፣ በሩ ክፍት ነው፤ ማንንም አይጠየፍም። ይህን ስም ዛሬ ስንጠቅስ ግን ትንሽ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የድሮው ግብር ቅደም ተከተል ነበረው፤ መኳንንቱ በማዕረጋቸው፣ ሠራዊቱ በየተራው፣ ደሃው ደግሞ በመጨረሻ ነበር የሚገባው። አዳራሹ ሁሉንም ያስገባል፣ እኩል ግን አያስቀምጥም። ያም ሆኖ አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ ዘወትር ይሠራበታል። ሰው የሚበላበት፣ የሚጠጣበትና የሚሟገትበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ በዚያው ቀን ይታወቃል፤ ጠብታው የሚያርፈው በአንዱ መኰንን ካባ ላይ ነውና።

ማዘጋጃ ቤት የሚባለው ተቋም የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ለከተሞች ሕጋዊ አስተዳደር ከሰጠ በኋላ፣ ማዘጋጃ ቤት የቦታ ግብር የሚከፈልበት፣ ይዞታ የሚመዘገብበትና ጋብቻ የሚፈረምበት የከተሜነት ማዕከል ሆነ። በየከተማው ከቢሮዎቹ ጋር አንድ ሰፊ አዳራሽ መሥራትም እየተለመደ ሄደ። አዲስ አበባ ላይ አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው አርክቴክት የነደፈው ማዘጋጃ ቤት በውስጡ የቴአትር አዳራሽ መያዙ የዚያን ዘመን አስተሳሰብ ያሳያል። ከተማ ግብር መሰብሰብ ብቻ በቂው አልነበረም፤ ሰውንም ማሰባሰብ ነበረበት።

ከዚያ ሐምሌ 1967 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የቀበሌ ማኅበራትን ሲያቋቁም፣ ብዙ የግለሰብ ግቢዎችና አሮጌ አዳራሾች ወደ ቀበሌ እጅ ገቡ። ስለ ቅርስ ጥበቃ ሲወራ የማይነሣ፣ ሽማግሌዎችን ያነጋገረ ግን ሳይሰማው የማያልፍ ነገር አለ። ለዚያ ትውልድ «አዳራሽ» የሚለው ቃል አስደሳች ትዝታ የለውም። በግድ የሚወጣበት ስብሰባ፣ ስም የሚጠራበት፣ የቀረ የሚቀጣበት ቦታ ነበር፤ በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ በየከተማው የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ሰው ታስሮ ያደረባቸው ቦታዎች ሆነዋል። አንድ አሮጌ አዳራሽ ቀለም ተቀብቶ «ለማኅበረሰብ አገልግሎት» ተብሎ ሲከፈት አንዳንድ እናቶች ለምን ደጁን እንደማይረግጡ የሚገርመን ካለን ይህን ማስታወስ ይገባናል። እንዲህ ያለ ትዝታ በፕላስተር አይሸፈንም። በዚያው ክፍል ውስጥ በፈቃድ የሚመጣበት ሌላ ዓይነት ጊዜ ማሳለፍን ይጠይቃል።

ደሴ ከዚህ ሌላ ያየችው መከራም ትንሽ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ሆስፒታሉ እንኳ አልተረፈም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜም፣ ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ያለው የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ጉዳትም ደርሶበታል። በእንዲህ ያለች ከተማ የቆመ ሁሉ ተዓምር ነው ለማለት ይዳዳል። እውነቱን ለመናገር ግን ከቦምብ የተረፉትን ሕንፃዎች ቀስ ብሎ የጨረሳቸው ውሃ ነው።

ውሃ፣ ሲሚንቶና ኖራ

ደሴ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አላት። በልጉ ከየካቲት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ይመጣል፤ ክረምቱ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን ይዞ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቦርከና ወንዝ ለመድረስ የሚያልፈው በከተማዋ መካከል ነው፤ የተዳፋቱ አፈርም ውሃ ሲጠግብ መንሸራተት ይወዳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ስለ አሮጌ ሕንፃ የሚያወራ ሰው ከጌጡ በፊት ስለ አሸንዳው፣ ስለ ፍሳሽ ቦዩና ስለ መሠረቱ ዙሪያ መጠየቅ ይኖርበታል።

የድሮ ግንቦቻችን አብዛኞቹ ድንጋይ በጭቃ ወይም በኖራ ተያይዞ የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ከመሠረቱ እርጥበት ይስባል፣ በፀሐይ ጊዜ ደግሞ በልስኑ በኩል ያወጣዋል። የኖራ ልስን ይህን ይፈቅዳል። ኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ፣ በውሃ በርዶ፣ ሳምንታት ከከረመ በኋላ ግድግዳ ላይ ሲለሰን ከአየር ጋር እየተገናኘ ቀስ ብሎ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ በውስጡ ግን ለእርጥበት ማለፊያ የሚሆኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ሲሚንቶ እንዲህ አያደርግም። ሲሚንቶ የተለሰነበት የጭቃ ግንብ ውሃውን ከውስጥ ያፍናል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭቃውን ያላላል፣ ጨው ይዞ መጥቶም የድንጋዩን ፊት ያራግፋል። ከውጭ ሲታይ ሕንፃው አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እየላላ ነው። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተሰንጥቆ ሲወድቅ «ድሮውንም ያረጀ ቤት ነበር» ይባላል። ያን ጊዜ ጥፋቱን የሠራው ሲሚንቶ መሆኑን የሚያስታውስ አይገኝም።

አብረውኝ የነበሩት ግንበኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይጠሩታል፤ «ማነቅ» ይሉታል። ግድግዳውን አነቁት ሲሉ በሲሚንቶ ለሰኑት ማለታቸው ነው። ከሲሚንቶው ጋር አብረው የሚመጡ ሌሎች ማነቂያዎችም አሉ፤ የድንጋዩን ወለል የሚሸፍን ሴራሚክ፣ የጣሪያውን እንጨት ከዓይን የሚሰውርና ማፍሰሱን እስኪወድቅ ድረስ የሚደብቅ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ የእንጨት መስኮቱን የሚተካ አሉሚኒየም። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ኮርኒሱ ነው። ወራጁ የሚታይበት ጣሪያ ሕመሙን ራሱ ይናገራል፤ በኮርኒስ የተሸፈነው ግን ዝም ብሎ ይበሰብሳል።

ሌላው በቸልታ መታለፍ የሌለበት ጉዳይ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የተቀመጡት በአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦትና በሰኔ 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ካራ ቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። በጭቃ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ክብደት ለመሸከም ብርቱ ነው፤ ወደ ጎን ሲወዘወዝ ግን ውስጠኛውና ውጫዊው ገጽ ተለያይተው ይከፈታሉ። መድኃኒቱ የታወቀና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው፤ ሁለቱን ገጽ የሚያያይዙ ረጃጅም ድንጋዮችን በየተወሰነ ርቀት ማስገባት፣ ከጣሪያው ሥር ግድግዳዎቹን ዙሪያውን የሚይዝ የእንጨት ወይም የብረት መቀነት ማሰር። ይህ ሥራ የሚቀለው ደግሞ ጣሪያው ለጥገና በተከፈተበት ጊዜ ብቻ ነው። ሕዝብ በብዛት የሚሰበሰብበትን አዳራሽ ቀለም ቀብቶ፣ መቀነት ሳያስሩ መክፈት ከባድ ኃላፊነት ነው።

የበጀት ዓመትና የዝናብ ዓመት

ሕጉ ስለ እድሳት ዝም አላለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ማናቸውም የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ይከፍላል። ችግሩ የሚነሣው አንድ አሮጌ አዳራሽ ቅርስ ተብሎ ሳይመዘገብ ሲቀር ነው፤ ያኔ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ቢሮ ይቆጠርና እድሳቱ እንደ ተራ ግንባታ በጨረታ ይወጣል።

ተራ የግንባታ ጨረታ ለአሮጌ ቤት አይስማማም። አዲስ ቤት ሲሠራ ስንት ኩብ ድንጋይ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይሰላል። አሮጌ ቤት ግን ልስኑ ተልጦ፣ ጣሪያው ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ምን እንደሚያስፈልገው አይታወቅም። በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈ ተቋራጭ ያልጠበቀው የበሰበሰ ወራጅ ሲያጋጥመው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ተጨማሪ ክፍያ ጠይቆ ወራት መጠበቅ፣ ወይ በኮርኒስ ሸፍኖ ማለፍ። የትኛው እንደሚቀናው ለመገመት አያስቸግርም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የቀን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። በጀቱ ጸድቆ፣ ዝርዝር ጥናት ተሠርቶ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ውል ተፈርሞ ተቋራጩ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ብዙ ጊዜ ጥር ይገባል። ደሴ ላይ ጣሪያ ለመክፈት የሚያመቸው ደረቅ ጊዜ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ስለዚህ ጣሪያው የሚከፈተው በልግ ሊገባ ሲል ይሆናል፤ የኖራ ልስን መድረቂያ ጊዜ ያጣል፤ ገንዘቡ ደግሞ ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበትና ግንቦትና ሰኔ ላይ ሥራው በሩጫ ይጠናቀቃል። ቶሎ የሚደርቀው ሲሚንቶ የሚመረጠውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ቀንና ሌሊት የሚሠራው የኮሪደር ልማት ፍጥነት ለአስፋልትና ለእግረኛ መንገድ ጥሩ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ኖራን ግን አያስቸኩሉትም። መፍትሔው ሥራውን በሁለት የበጀት ዓመት መክፈል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥናቱ፣ የልስን መላጡና የጣሪያ ምርመራው ተሠርቶ ጨረታው እስከ ሰኔ ይጠናቀቃል፤ በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ እንዳባራ መስከረም መጨረሻ ላይ ጣሪያው ይከፈታል። አዲስ ሕግ አያስፈልገውም፤ የከተማው ምክር ቤት ዕቅዱን በሁለት ዓመት ከፍሎ ማጽደቁ ይበቃል።

በሩ ሲከፈት

አሁን ወደ ቁልፉ እንመለስ። ስለ ታደሱ አዳራሾች ስናወራ ሁለት ትልልቅ ምሳሌዎች ይጠቀሳሉ። አንደኛው አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በጥቅምት 2017 ዳግም ተከፍቷል። ሁለተኛው በ2012 ዓ.ም. ለጎብኚ በተከፈተው አንድነት ፓርክ ውስጥ ያለው የአፄ ምኒልክ ግብር አዳራሽ ነው። ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ ለደሴ ግን አርአያ አይሆኑም። የመጀመሪያው በውስጡ የሚኖር፣ የመብራቱንና የጽዳቱን ወጪ ዘወትር የሚሸፍን ዓለም አቀፍ ተቋም አለው። ሁለተኛው በመዲናዋ እምብርት ሆኖ በጎብኚ ትኬት ይደገፋል። ደሴ የሚደርሰው ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላሊበላ ለመቀጠል አንድ ሌሊት የሚያድር ነው። እዚህ አንድ አዳራሽ በሕይወት የሚቆየው የከተማው ሰው ከተጠቀመበት ብቻ ነው።

የከተማው ሰው ደግሞ አዳራሽ የሚያስፈልገው መቼ ነው? መሥሪያ ቤት ሲዘጋ። ቁልፉ ያለበት ቢሮ ጧት 2 ሰዓት ተኩል ተከፍቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ የለም። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ የኪነት ልምምድ የሚፈልገው ወጣት የሚመቻቸው ግን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ምሽትና ሰንበት ነው። በቢሮ ሰዓት ብቻ የሚከፈት አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ የቢሮ ስብሰባ እንጂ ሌላ አያስተናግድም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ከሁሉም በላይ የአዳራሹን ዕድሜ የሚወስነው ግን እርሱ ነው።

ሠርግን እንውሰድ። ቀደም ሲል ሠርግም ለቅሶም በሰፈር ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር የሚያልቀው። መንገዱ አስፋልት፣ ዳሩ የእግረኛ ንጣፍና አረንጓዴ ሣር እየሆነ ሲሄድ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ እየጠበበ ነው። የሆቴል አዳራሽ ደግሞ ለሁሉም ኪስ አይሆንም። ስለዚህ የታደሰ የሕዝብ አዳራሽ ፈላጊ አያጣም። ደሴ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለ። ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም አይድርም፤ ሠርጉ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል። ሙስሊሙ በረመዳን አይድርም፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ስለሚመጣ ከዐቢይ ጾም ጋር የሚገጥመው በአንዳንድ ዓመት ብቻ ነው። በሌላው ዓመት አንዱ በጾም ላይ ሳለ የሌላው ድግስ ይቀጥላል። አንድ ሃይማኖት ብቻ ባለበት ከተማ ለወራት ባዶ የሚሆነው አዳራሽ እዚህ ሥራ አይፈታም።

ይህ የሚሆነው ግን ማድ ቤቱ በደንብ ከታሰበበት ነው። ወሎ ውስጥ ድግስ የደገሰ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጎረቤቱ የተቀላቀለበት ሠርግ ሁለት ከብት ይታረድለታል፤ የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ በየራሱ ድስት፣ በየራሱ ምድጃ፣ በየራሱ ቢላዋ ይሠራል። ጠላው በአንድ በኩል፣ ሙስሊሙ የሚጠጣው ቡቅሪ በሌላ በኩል ይቀዳል። ተጋባዦቹ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው ይጨፍራሉ። የሕንፃ ንድፍ የሚሠራው ባለሙያ ከሌላ ከተማ መጥቶ አንድ ሰፊ ማድ ቤት ብቻ ቢነድፍ፣ አዳራሹ ሳያውቀው አንዱን ወገን ጠየፈ ማለት ነው። የተለያየ በር፣ የተለያየ የውሃ መስመርና በመካከላቸው ግድግዳ ያላቸው ሁለት አነስተኛ ማድ ቤቶች ከአንድ ትልቅ ማድ ቤት ብዙም አይበልጡም። አይጠየፍ የሚለውን ስም ዛሬ ወደ ሥራ መተርጎም ማለት ለእኔ ከሁሉ በፊት ይኸው ነው።

ለቅሶ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ቀጠሮ አይዝም። ለሠርግ ከሦስት ወር በፊት የተያዘ አዳራሽ ለዛሬ ሐዘንተኛ አይገኝም። ስለዚህ ከዋናው አዳራሽ ጎን ያለ አንድ ክፍል ለማንም በቅድሚያ የማይያዝ ሆኖ ለእድሮች መተው ይኖርበታል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። ደሴ በተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የአሮጌ አዳራሾች መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ ነው። የፊቱን ደረጃ ሳይነኩ በጎን በኩል ደረጃ የሌለው ዘንበል ያለ መግቢያ መሥራት ይቻላል። መጸዳጃ ቤቱ ከዋናው ግንብ ተነጥሎ በአዲስ ሕንፃ ቢሠራ ይሻላል፤ የውሃ ቱቦ በጭቃ ግንብ ውስጥ መቅበር ጠላትን ቤት ውስጥ ማሳደር ነው።

ኪነቱም መረሳት የለበትም። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነት አገር ያወቀው ቡድን ሆኖ ማሪቱ ለገሠን የመሰሉ ድምፃውያንን አፍርቷል። ዛሬ አንድ ማሲንቆ የሚማር ልጅ ወይም የመንዙማ ቡድን ለመለማመድ የሚያገኘው ቦታ የሰው ሳሎን ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ምሽት የአዳራሹ መድረክ በነጻ ወይም በጥቂት ብር ለእነዚህ ቢለቀቅ የሚጎድል ነገር የለም። ሰው የማይጠፋበት ቤት ደግሞ አሸንዳው ሲሰበር በዚያው ሳምንት ይታያል።

ገንዘቡን በሚመለከት ዋናው እንቅፋት የታወቀ ነው። በመንግሥት የፋይናንስ አሠራር አንድ መሥሪያ ቤት የሰበሰበው ኪራይ በመደበኛነት ወደ ካዝና ገቢ ይሆናል፤ አሸንዳ ለመቀየር ደግሞ እንደገና በጀት ይጠየቃል። በዚህ መካከል አንድ ክረምት ያልፋል። ደንብ አውጥቶ የአዳራሹን ኪራይ በአዳራሹ ስም በተከፈተ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ቢያንስ ሩቡን ከጥገና በቀር ለሌላ እንዳይወጣ ማሠር ያስፈልጋል። ይህን ማን ያስተዳድረው ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። እድሮቻችን ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ጠባቂ አላቸው። ድስቱ፣ ምጣዱ፣ አግዳሚው ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፤ የጎደለውን የወሰደው ሰው ይተካል። የእድር ንብረት ጠባቂ ለሥልጠና ኮምቦልቻ ወረደ ተብሎ ለቅሶ ቤት ያለ ወንበር ያደረበትን ቀን አላስታውስም። የከተማው አስተዳደር ባለቤትነቱን እንደያዘ፣ የእድሮች ተወካዮች፣ የመምህራንና የወጣቶች ተወካዮች የሚገኙበት ቦርድ ቁልፉን ቢይዝ ይህን የዘመናት ልምድ ወደ አዳራሹ ያስገባል። ቁልፉም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከቢሮው፣ አንዱ በሰፈሩ ካለ ተጠሪ ዘንድ።

ኮምቦልቻ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ብትሆንም ጉዳይዋ ይለያል። በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከየገጠሩ ያመጣቸው ወጣት ሠራተኞች በፈረቃ ስለሚሠሩ፣ ለእነርሱ የሚሆን የሕዝብ አዳራሽ ጧትም ክፍት መሆን ይኖርበታል። የሁለቱን ከተሞች ፍላጎት በአንድ ንድፍ ለመመለስ መሞከር ሁለቱንም መበደል ነው።

ከዚያ ከነሐሴው ጉብኝት በኋላ ግንበኛው አንድ ትንሽ ነገር አደረጉ። ከዘበኛው ጋር ተነጋግረው፣ ከሰፈሩ ሰው 2 ሜትር ቆርቆሮ አሰባስበው የተሰበረውን አሸንዳ ጊዜያዊ አድርገው አሰሩት። በየካቲት፣ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄጄ አየሁት። ማዕዘኑ እንዳበጠ ነው፣ ጭቃው ግን ደርቋል። በሩ አሁንም በሰንሰለት ታስሯል።